ባሕር ዳር የጠዋት ከተማ ናት፦ ጀልባው፣ ዓሣው፣ ቅዳሜ ገበያውና ባጃጁ በነዋሪ ሚዛን

«ባሕር ዳር ደርሼ ምን ላድርግ?» ላለ እንግዳ ከነዋሪው የሚሰጠው መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ ጣናን እይ፣ ዓሣ ብላ፣ ጢስ ዓባይን ሳታይ እንዳትመለስ። መልሱ ስህተት የለበትም፤ የጎደለው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጸጥ ብሎ የተኛው ባሕር 9 ሰዓት ላይ ጀልባውን ያንገላታል። ንጋት ላይ ከመረብ የወጣ ቀረሶ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያው ቀረሶ አይደለም። ቅዳሜ ረፋድ የሚሸጠው ቅቤና አመሻሽ ላይ የተረፈው ቅቤም ለየቅል ናቸው። ስለዚህ እንግዶች ደጋግመው የሚጠይቁንን አገልግሎቶች የመዘንናቸው በሰዓትና በወቅት ነው። ሆቴሎችን አናነሳም፤ ነዋሪ ቤቱ ነው የሚያድረው፣ ስለ ሆቴል አልጋ ምን ያውቃል?

ወደ ዘጌ በጀልባ መሄድ ያዋጣል?

ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እሱ ነው። ከወደቡም ሆነ በሐይቁ ዳር ካሉት መናፈሻዎች የሚነሱት የቱሪስት ጀልባዎች ገዳማትና የቡና ደን ያሉበት ዘጌ ለመድረስ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ለከተማው ቀረብ ያሉ ደሴቶች ስለሆኑ ከዘጌ ጋር በአንድ ጉዞ ይታያሉ። ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አፍ አጠገብ ስለሆነች ከሁሉም ትቀርባለች። ዳጋ እስጢፋኖስና ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ መሄጃው ብቻ በተራ ጀልባ 3 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ሙሉ ቀን ካልመደባችሁ አትጀምሩት።

ዋጋው በአብዛኛው የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም። ብቻውን የሚሄድ ሰው የአምስት ሰው ይከፍላል፤ ወደብ ላይ ጠዋት ቀድሞ ደርሶ ሌሎች እንግዶችን መጠበቅና መዳበል ደግሞ ነውር የለውም። እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው? የት የት እንደርሳለን? እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ትጠብቀናለህ? አስጎብኚ ይጨምራል? የገዳማቱ መግቢያ በዚህ ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ በየገዳሙ በደረሰኝ ይከፈላል። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ውጡ፤ ደሴት ላይ የሚመነዝር አይገኝም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቅሬታ «አራት ገዳም ተብለን ሁለት አይተን ተመለስን» የሚል ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ የጀልባ ነጂው አይደለም። ቀትር ካለፈ በኋላ የብሱ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳር ነፋስ ይነሳል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ የሚነሳ ማዕበል አጭርና ተደራራቢ ስለሆነ ጀልባዋን ከፍ ዝቅ አያደርጋትም፣ ይደበድባታል። ነጂው ይህን ስለሚያውቅ 7 ሰዓት ሲቃረብ መጣደፍ ይጀምራል፤ 4 ሰዓት ላይ የተነሳ እንግዳም የከፈለበትን ገዳም ሳያይ ይመለሳል።

የሚሠራው መርሐ ግብር ይህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት መነሳት፤ በቀጥታ ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ከጀልባው መውረጃ እስከ ገዳሙ በቡናው ደን ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ሽቅብ ይኬዳል። ስትወርዱ እዚያው መንገድ ላይ አዝዋ ማርያምን ማየት፣ ከዚያ ስትመለሱ እንጦስና ክብራን፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከተማ። ሴቶች ክብራን ገብርኤል አይገቡም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው ነው። እንጦስ፣ ደብረ ማርያም፣ ናርጋና የዘጌዎቹ ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ይህን ሳይናገር ባልና ሚስት ጭኖ ክብራን የሚያደርስ ነጂ አለ፤ ሚስት ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ አትቸኩሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እያለ ይሄዳል፣ ሥዕሎቹም ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። አብዛኛው እንግዳ አንድ ዙር ዞሮ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። ከዚያ ይልቅ አስጎብኚውን «የበላዔ ሰብእን አሳየን» በሉት። ሰው ሲበላ የኖረው ሰው ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ፣ ሚዛን ላይ ያ ጥርኝ ውሃ እንዴት እንደከበደለት ሥዕሉ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በአንድ ታሪክ 10 ደቂቃ መቆም ግድግዳውን በሙሉ ከመሮጥ ይሻላል። የካሜራ ብልጭታ ክልክል ነው፤ ጫማ ይወለቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይያዙ።

ጀልባው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የምታዩት፦ ላይፍ ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን፣ መቆለፊያው መሥራቱን (ብዙዎቹ ከመቀመጫ ሥር ተጠቅጥቀው ነው የሚቆዩት፣ አንዱን አውጥታችሁ ቆልፉት)፣ ትርፍ ነዳጅና መቅዘፊያ መያዙን። ሞተሩ አንድ ብቻ ነው፤ ቢቆም ሌላ የለም። ዳር ዳር ሲሄድ ደንገልና ሣር የሞተሩን ምላስ (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን) ይጠመጥመዋል፤ ነጂው ሞተሩን ወደ ላይ ገልብጦ አረሙን ይነቅላል፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት ሁሉም ተነስቶ ወደ ኋላ ለማየት ከተጋፋ ነው አደጋው የሚመጣው፤ ቁጭ በሉ። እምቦጩስ? ከ2004 ጀምሮ ጣናን የወረረው አረም የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ ከባሕር ዳር ዘጌ በሚያደርሰው መንገድ ላይ ጀልባ የሚያስቆም ክምር እምብዛም አይገጥምም።

የዘጌ ቡና ግዙ። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ከብት የማይረባበት ምድር ነው፤ ይህ ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ ጀምሮ እንደ ቃል ኪዳን ተጠብቆ ስለኖረ ደኑ እስከ ዛሬ አለ፣ ቡናውም በዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚያድገው። ጌሾና ሎሚም ከዚያው ይወጣል። መንገድ ላይ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው፤ የተፈለፈለና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ)። ጀንፈል ርካሽ ቢመስልም ሲፈለፈል በክብደት ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው፤ ያንን አስባችሁ ተከራከሩ። ፍሬውን በጥርስ ንከሱት፤ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከለመጠ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ ቤት ወስዳችሁ ሻጋታ ታወጡበታላችሁ።

ጣና ላይ መዋኘት ይቻላል?

አንመክርም። ቢልሃርዚያ በሐይቁ ዳርቻ አለ፤ የሚተላለፈውም ቀንድ አውጣ በሚኖርበት ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ውሃ ነው፤ ሰው እግሩን የሚነክረው ደግሞ በትክክል እዚያ ነው። የገባ ሰው ከ6 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጉማሬም አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጠዋት ጠዋት ይታያል። ከጀልባ ላይ ማየት ያስደስታል፣ ከውሃ ውስጥ ግን አይደለም።

ዓሣ የት እንብላ?

የቤት ስም አንጠራም፤ በዚህ ከተማ ወጥ ሠሪ ቤት ስለሚቀያይር ዘንድሮ የተመሰገነው ቤት ለከርሞ ሌላ እጅ ላይ ነው። ቤቱን ሳይሆን ዓሣውን ማወቅ ይሻላል።

ጣና ላይ ሦስት ዓይነት ይያዛል። ቀረሶ (ቆሮሶም ይሉታል) ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ትልልቅና ለመለየት የማያስቸግር ነው፤ ሙሉውን ተተልትሎ ለሚጠበሰው ጥብስ እሱን የሚያህል የለም። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ሪዛም፣ ስብ ያለው ዓሣ ነው፤ ለጉላሽ፣ ለሾርባና ለወጥ ይሆናል። የጭቃ ጠረን ካለው ቆዳውና ከሥሩ ያለው ቡናማ ስብ ሳይገፈፍ ነው የገባው ማለት ነው፤ ጥሩ ቤት ይገፈዋል፣ በሎሚና በጨው ያሸዋል። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ ነው፤ ከዝርያዎቹ መካከል በዓለም ላይ ከጣና ሌላ የትም የማይገኙ አሉበት። ጣዕሙ ከሦስቱ ሁሉ ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ እኛም ከነሱ ወገን ነን። ችግሩ በሥጋው መሐል የተሰገሰገ የክር ያህል እሾህ አለው። ስለዚህ ወይ ጥቅጥቅ አድርጎ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ተልትሎ በጋለ ዘይት እሾሁ እስኪሰባበር መጥበስ፣ ወይ ደግሞ ደቁሶ ዱለት ማድረግ ነው። ሰፋ ሰፋ አድርጎ የተለተለ ነጭ ዓሣ ካመጡላችሁ መልሱት፤ ለልጅ ደግሞ በፍጹም አትስጡ።

ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣል። በዚያ ሰሞን ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ነው የሚያጠምደው። ዕንቁላል የሞላ ትልቅ ዓሣ በመስከረም ሲቀርብላችሁ «ቀረሶ የለም ወይ?» ብላችሁ ብታልፉት ጥሩ ነው።

ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሳይተለተል አምጥተው እንዲያሳዩአችሁ መጠየቅ ነው። ዓይኑ ጎልቶ የጠራ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ፣ በጣት ሲጫን ተመልሶ የሚሞላ መሆን አለበት። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ከደበዘዘ፣ ስንጥቡም ቡናማ ከሆነ ያደረ ነው። ማሳየት የማይፈልግ ቤት መልሱን ነግሯችኋል። ቀጥሎ የምታዩት የምትጠብቁትን ጊዜ ነው። ዓሣ ተተልትሎ፣ ተጨውቶ፣ ተጠብሶ እስኪመጣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ5 ደቂቃ የደረሰ ጥብስ ጠዋት ተጠብሶ የተሞቀ ነው፤ ጠርዙ ይጠነክራል፣ መሐሉ ይደርቃል። ዘይቱም ይናገራል። የጠቆረና የሚያረፋ ዘይት ስንት ቀን እንደተደጋገመበት ሽታው ከበር ላይ ይነግራችኋል። ሳይግል ዓሣ የገባበት ዘይት ደግሞ ሥጋው ውስጥ ይሰርጋል፤ ዓሣው ሲጨመቅ ሳህኑ ላይ ዘይት ካስቀረ ያ ነው።

ለአንድ ሰው ከ300 እስከ 500 ግራም የሚመዝን አንድ ሙሉ ቀረሶ በቂ ነው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ጥብስ ከአንድ ጉላሽ ጋር እዘዙ፤ ሁለት ጥብስ መሐል ላይ ያሰለቻል። ሎሚና ሚጥሚጣ ራሱ ይመጣል፤ እንጀራ ወይስ ዳቦ ሲሏችሁ ለጥብሱ ዳቦ፣ ለጉላሹ እንጀራ። ምሳ ከእራት ይሻላል፤ ዓሣው የሚገባው ጠዋት ነውና። እራት ላይ ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ምረጡ፤ መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ እሱንም ተዉት።

በጾም ዓሣ ይበላል?

ይሸጣል። ይበላል ወይ የሚለው ግን ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ አንዳንዴም ባል ከሚስት የሚለያይበት ነው፤ በጾም ዓሣ የማይቀምስ ብዙ ጎጃሜ አለ፣ የሚበላም አለ። ጋባዣችሁን ሳትጠይቁ አትዘዙ። በዐቢይ ጾም ፈላጊ ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፣ ዓሣውም ያንሳል፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁሉም ሥጋ ላይ ስለሚሆን ዓሣ ቤቱ ጸጥ ይላል። ዓሣ ለመብላት ከመጣችሁ ያኔ ኑ።

ጢስ ዓባይስ?

ነጥብ ብንሰጠው በመስከረም 5 ከ5፣ በሚያዝያ 1 ከ5። ምክንያቱም ውሃው እንደ ድሮው በሙሉ ወደ ፏፏቴው አይሄድም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ከፏፏቴው አጠገብ ያሉት ሁለቱ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫዎች ውሃውን ቀድመው ይወስዱት ነበር፤ በ2002 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ደግሞ ከሐይቁ ወደ በለስ ስለሚወስደው በበጋ ለፏፏቴው የሚተርፈው ጥቂት ነው። 40 ሜትር ከሚያልፈው ገደል ላይ በክረምት መጨረሻ ደመና የሚያስነሳው ውሃ በበጋ ጥግ ላይ የተንጠለጠለ ክር ይሆናል። ፖስተር ላይ ያለው ፎቶ የተነሳው በበጋ አይደለም።

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሂዱ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትኬት ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ይቆረጣል። መንገዱ ሁለት ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ መውጣት፣ ወይም ከፏፏቴው በላይ በጀልባ መሻገር። በድልድዩ ሂዱ፣ አካሄዱ ራሱ ግማሽ ደስታው ነው። ግን በዚያ ወቅት አፈሩ መረሬ ጭቃ ስለሚሆን ሶሉ የተበላ ጫማ አይሆንም፤ የመንደሩ ልጆች በትር ያከራያሉ፣ ተከራዩ። ፊት ለፊት ስትደርሱ ርጭቱ ያበሰብሳል፤ ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉ።

ቅዳሜ ገበያ ምን እንግዛ?

ቅቤና ማር። ሌላው ሁሉ ሌላ ከተማም ይገኛል።

ቅቤ በሦስት ይከፈላል፤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል። ለጋው ሽታው ወተት ወተት የሚል፣ ለራስም ለምግብም የሚሆን ነው፤ በሳሉ ሽታው የበረታ፣ ለወጥ ሲነጠር የሚመረጥ ነው። «ለጋ ነው» ብሎ መካከለኛ መሸጥ የተለመደ ነው፤ በአፍንጫ ይለያል እንጂ በዓይን አይለይም። ቢጫነቱ አያታልላችሁ። ሣር በለመለመበት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ያለው ቅቤ በተፈጥሮው ይቢጫል፣ የበጋው ይነጣል፤ በመጋቢት ድምቅ ያለ ቢጫ ቅቤ ካያችሁ እርድ ነክቶት እንደሆነ ጠርጥሩ።

የሚቀላቀልበት ነገር ብዙ ነው፤ የሚረጋ ዘይት፣ የተደቆሰ ሙዝ፣ ዱቄት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ። ሻጭዋን እናት ሳታስቀይሙ የምትፈትኑት እንዲህ ነው። «እማማ፣ ትንሽ ልያት?» በሉና የጣት ጫፍ ያህል መዳፋችሁ ላይ አሹ። ቅቤ ወዲያው ይቀልጣል፣ እጅ ውስጥ ይጠፋል፤ የረጋ ዘይት እንደ ሰም ይንከባለላል። ከዚያ ድቡልቡሉን በቢላ ከመሐሉ ሰንጥቃችሁ ጫን አድርጉት፤ የውሃ ጠብታ ከተሰነጠቀው ፊት ላይ ካላበው በኪሎ ውሃ እየገዛችሁ ነው። ከላይ ጥሩ ቅቤ ተለብጦ መሐሉ ሌላ የሆነ ድቡልቡል ስላለ ከላይ መቅመስ ብቻ አይበቃም። መሰንጠቅ አይቻልም የምትል ሻጭ ካለች ቀጣይዋ አጠገቧ ተቀምጣለች።

የመጨረሻው ፈተና ቤት ነው። አንድ ማንኪያ በብረት ድስት አቅልጡ። እውነተኛው ሦስት ይሆናል፤ ላይ አረፋ፣ መሐል የጠራ ወርቃማ ቅባት፣ ታች ጥቂት ዝቃጭ። ሲንጣጣ የሚቆይ ከሆነ ውሃው ብዙ ነው፤ ታች እንደ ገንፎ ከያዘ ዱቄት ወይም ሙዝ ገብቶበታል። ጥሩ ጥሬ ቅቤም ቢሆን ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ ውሃና ዝቃጭ ነው፤ 1 ኪሎ ተነጥሮ 800 ግራም ቢወጣው አልተታለላችሁም። 700 ከወጣው ግን ሻጭዋን አትርሷት።

ማር ላይ የሚነገሩት ፈተናዎች፣ ክብሪት መለኮስ፣ ወረቀት ላይ ማንጠብጠብ የሚባሉት፣ የሚለኩት ርጥበትን ብቻ ነው፤ በወፍራም የስኳር ሽሮፕ የተቀላቀለ ማር ሁሉንም ያልፋል። የረጋ ማር ስኳር አለበት ማለትም ስህተት ነው፤ እውነተኛ ማር ይረጋል፣ የኑግና የአደይ አበባ ማር ደግሞ ቶሎ ነው የሚረጋው። ሊረዳችሁ የሚችለው ወቅቱና ሰፈፉ ነው። ትልቁ ቆረጣ አበባው ካለፈ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ያኔ ከነሰፈፉ ግዙ፣ የታሸገ ሰፈፍ ውስጥ ያለ ማርን ማንም አልቀላቀለውም። በዕቃ የተሞላ ከሆነ ዕቃውን ገልብጡት፤ ከታች የተነሳችው የአየር ኳስ እየተጎተተች ከወጣች ወፍራም ነው፣ ፈጥና ከወጣች ውሃ አለው፣ ይኮመጥጣል። ለጠጅ ከሆነ ቀዩና ድፍርሱ ይበቃል፤ ነጩን ለጠጅ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይጥላል።

ጤፍም አለ፤ የአዴት ነው ይሏችኋል። አዴት ይሁን አይሁን አሸዋውን እዩ፤ ጥቂት ፍሬ በፊት ጥርስ አድቅቁ፣ ከንጫጫ አውድማው አልተጠረገም። የእንጀራው ቀለም ጠቆር ብሎ ካያችሁ ደግሞ ዳጉሳ ተቀላቅሎበት ይሆናል፤ እዚህ ሀገር ነውር አይደለም፣ ጠላውም አረቄውም ከሱ ነው።

ገበያው የሚሞላው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከገጠር የሚመጡት ሰዎች ከ8 ሰዓት በኋላ መንገድ ስለሚርቅባቸው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ነጋዴውን ነው። ዋጋ በርዷል ብለው አመሻሽ ላይ የሚገቡ አሉ፤ ቅቤው ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሏል።

ባጃጁ ያታልላል?

ካልጠየቃችሁት አዎ። ሁለት አሠራር አለ። በመስመር የሚሠራው ሰው እያወረደና እየጫነ በታሪፍ ይሄዳል፤ «ኮንትራት» ግን ለእናንተ ብቻ ነው። ባዶ ባጃጅ አስቁማችሁ ዝም ብላችሁ ከገባችሁ ሹፌሩ ኮንትራት ነው ብሎ የመቁጠር መብት እንዳለው ያምናል፤ ስትወርዱ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። «በመስመር ነህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጭቅጭቁን ሁሉ ታስቀራለች። ከኋላ የሚቀመጠው ሦስት ሰው ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ብስክሌት ያላችሁ ሰዎች ባጃጅ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም፤ ከቤዛዊት ዳገት በቀር የሚያስወርድ ቦታ የለም። በማታ ጉዞ ላይ ደግሞ ያደራችሁበትን ቤት ሰዎች ስለ ሰዓት ገደብና ስለ ሰሞኑ ሁኔታ ጠይቁ፤ ይህ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከዚህ ጽሑፍ አትውሰዱት።

ለአመሻሽ የምንሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ። 380 ሜትር ነው፤ 12 ሰዓት ሲቃረብ በእግር ተሻገሩት። ወዲህ ጎጃም፣ ወዲያ የድሮው በጌምድር ነው፤ ሽማግሌዎቻችን አሁንም «ማዶ» ነው የሚሉት።

ሙቀቱና ወባውስ?

ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነ በረሃ አይደለም፤ የሚከብደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ወባ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። አጎበር የሌለው አልጋ አትቀበሉ፤ አጎበሩ ካለ ደግሞ ጫፉ ፍራሹ ሥር መግባቱንና አለመቀደዱን እዩ፤ የተንጠለጠለ አጎበር ጌጥ ነው።

ማታ አዝማሪ ቤት ብንገባ?

ግቡ፤ ዝርዝር ብር ይኑራችሁ። አዝማሪው መልካችሁን፣ ጫማችሁን፣ አብራችሁ የመጣችውን ሴት ሁሉ ግጥም ያደርጋል፤ መቆጣት የለም። ግጥም ማቀበል የምትችሉ ከሆነ «ተቀበል» ብላችሁ ሁለት ስንኝ ስጡት፤ ቤቱ ያን ጊዜ ነው የሚሞቀው። አረቄው ግን የዋዛ አይደለም። ዳግም የሚባለው ሁለት ጊዜ የወጣ ስለሆነ በመለኪያ፣ ከምግብ በኋላ። የማታውቁት ቤት የቀዳውን፣ ሽታው እንደ ቀለም መበጥበጫ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ሳይጣል ቀርቷልና አስቀምጡት።

ቅቤውን አዲስ አበባ እንዴት እናድርሰው?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ የተማረ ነው። በሞጣ ብትሄዱ 490፣ በደብረ ማርቆስ ብትሄዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱም ደጀን ላይ ይገናኙና የዓባይን በረሃ ይወርዳሉ። ደጀን ብርድ ነው፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችኋል፤ መኪናው ጣራ ላይ ያለ ቅቤ እዚያ ይቀልጣል። ክዳኑ የላላ ባልዲ ከሆነ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ የሰው ሻንጣ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ባሕር ዳር ላይ አንጥራችሁ ጥብቅ ክዳን ባለው ጀሪካን ያዙት፣ ወይ ጥሬውን ከዕቃው አንድ አምስተኛ ባዶ አስቀርታችሁ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልሉት። ዕቃው ጣራ ላይ አይወጣም፤ እግራችሁ ሥር፣ ሞተር በሌለበት በኩል።